ዛሬ ውሃ የከለከልኳቸው ሽማግሌ

ዛሬ በዚያ ሐሩር፣ እዚሁ በስደት ባለሁበት ሳጃና ሰፈር፣ አንድ ሽማግሌ ውሃ ከለከልኩ።

የምሠራበት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ለመንገደኛ የሚቀመጥ ዚር አለ፤ ትልቅ የውሃ ጋን ነው። አለቃዬ እትዬ አልማዝ ጠዋት ሞልተውት፣ "ደለሉ እስኪዘቅጥ፣ እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው" ብለውኝ ሱቅ (ገበያ) ሄዱ።

ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ጣሳውን ሲያነሱ፣ "ማምኑዕ! ክልክል ነው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ውሃ እኮ ነው" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ጣሳውን ቀስ አድርገው መልሰው ሄዱ።

እትዬ ሲመለሱ በኩራት ነገርኳቸው። "ፍሪጅ ሙሉ ውሃ እያለ? ከዚያ ስጪ ተብሎ ይሄም ይነገራል?" ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ኦቲዝም አለብኝ፤ ለእኔ ይነገራል። (ዚሩን ግን ወላሂ ማንም አልነካውም!)

እስከ ሪክሻ (ባጃጅ) መቆሚያው ሮጬ ፈለግኳቸው፤ የሉም።

ለእትዬ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። "ክልክል ነው" ስል የራሴ ቀዝቃዛ ውሃ በእጄ ነበር። እሱን ማንም "አትስጪ" አላለኝም።

የታዘዛችሁትን አንድም ሳታጓድሉ ፈጽማችሁ ያፈራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን መሆን ከብዶኛል።