የለሊሴ መርፌና የእኔ ጥፋት

የልጅ ልጄን ለሊሴን «በመርፌ ጉልበት ነው የምትሮጠው» ብለው ሱሉልታ ካለው የሩጫ ካምፕ አባረዋት ነበር። ሐሰት ነው። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ። እኔም የበደልኳት አለ፤ እሱም አብሮ ይጻፍ።

ሕመሙ የጀመረው በውሃ ጥም ነው። ቡራዩ እኛ ቤት ስትመጣ አንድ ጆግ ውሃ ጨልጣ ሌላ ትቀዳለች። ሱሪዋ ከወገቧ ይወርድ ጀመር። አሰልጣኟ ኦቦ ገመቹ «ሯጭ ሲከሳ ነው የሚያምረው» አለኝ። አመንኩት። አዲስ አበባ ስናስመረምራት ግን ዓይነት አንድ ስኳር ሆኖ ተገኘ።

«እናቴ፣ ቆሽቷ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል። ዕድሜዋን ሙሉ በመርፌ ትወስዳለች» አለኝ ሐኪሙ።

ዕድሜዋን ሙሉ ማለቱ አልዋጥልኝ አለ። ሁለት ወር መርፌውን ከተወጋች በኋላ ሰበታ አካባቢ ጠበል ወሰድኳት። ካህኑ «መድኃኒቷንም ትውሰድ» ብለውኝ ነበር። መርፌውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን አስመለሳት። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተ። ጠራኋት። አልመለሰችም። ሰበታ ሐኪም ቤት አስገባናት። ኬቶአሲዶሲስ ነው፣ ኢንሱሊን በማጣቷ ደሟ አሲድ ሆኗል አሉ። ሁለት ቀን አልነቃችም።

«ትንሽ ብትዘገዩ አታገኟትም ነበር» አሉኝ።

ከነቃች በኋላ እሷ ጠዋትና ማታ ጣቷን እየወጋች የስኳሯን ቁጥር ስትነግረኝ፣ እኔ በመሠረተ ትምህርት በለመድኩት ጽሕፈት ደብተር ላይ እያሰፈርኩ፣ መብራት ሲጠፋም ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርነው ገንቦ እያቀዘቀዝን፣ ዓመት ሳይሞላት ወደ ሱሉልታ ሜዳ ተመለሰች።

እዚያ ነው ከቦርሳዋ ሲሪንጅ የወደቀው። ኢንሱሊን ለስፖርተኛ የተከለከለ መሆኑን አናውቅም ነበር። ኦቦ ገመቹ በጓደኞቿ ፊት አባረራት። አንዷም «መርፌሽ ይሩጥልሽ!» አለቻት።

ሐኪሟ የተከለከለ መድኃኒት ለታመመ ስፖርተኛ የሚፈቅድ፣ የሕክምና ልዩ ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረን። ያለ መድኃኒቱ እንደምትጎዳ በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ማስረጃው ደግሞ የሰበታው ሐኪም ቤት ወረቀት ነው። «አያቷ ኢንሱሊኑን አስቁመዋት» ይላል።

«አኮ፣ ይቅርብኝ» አለች ለሊሴ፤ አኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። «ሰው ምን ይልሻል?»

«ያደረግሁትን ይላላ» አልኳት።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ነበር። ወደ ሰበታ ስሄድ ታክሲው ሁላችንንም ዓለም ገና ላይ አውርዶ ተመለሰ። በእግሬ ቀጠልኩ። መንገድ የዘጉት ወጣቶች «አኮ፣ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ስሜን የሚያጠፋ ወረቀት ላመጣ።»

ሳቁና አሳለፉኝ።

የአዲስ አበባው ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ያለ ኢንሱሊን መሮጥ ቀርቶ መኖር እንደማትችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም» አለኝ። ደብተሬንም ጨመረበት። ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ማመልከቻው ሳምንታት ቆይቶ ነው የተላከው።

ሐኪሞቿንና ነርሶቿን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናንተም ስኳር ያለበት ሯጭ ካላችሁ መርፌውን አታስቀሩ፣ አትደብቁ። ከውድድሩ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። ጥፋታችሁንም ለሐኪም ንገሩ፤ የእኔ ጥፋት ነው ለልጄ የመሰከረላት።

ፈቃዱ ሲመጣ ደብዳቤውን ይዤ ከለሊሴ ጋር ሱሉልታ ሄድኩ። ልጆቹ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ነበር።

«ኦቦ ገመቹ፣ በልጆቹ ፊት ነው ያባረርካት። በልጆቹ ፊት አንብበው» አልኩት።

ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። አጥፎ መለሰልኝና ወደ እሷ ዞረ።

«ለሊሴ፣ ነገ ጠዋት ልምምድ አለ። ከነመርፌሽ ነይ።»