ስም የማይጠይቀው በረኛ

በልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የወይዘሮ ሸዋዓለም ጠጅ ቤት በረኛ ደጉን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ገና መጠጥ ያልጀመረ ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ ቀርቶታል። ደጉ ስም አይጠይቅም፤ የተንገዳገደውን ሁሉ፣ ደላላም ይሁን ካድሬ፣ ማጅራቱን ይዞ ወደ ጭቃው ይሸኘዋል። ካድሬውን ግን መጀመሪያ ኮፍያውን ያስተካክልለታል ይላሉ።

አንድ ቀን ከሚያስወጣቸው አንዱ በተሰበረ ብርሌ ባቱን ወጋው። ደጉ እንደ ሰፈሩ ልማድ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ አንዷንም ዋጠ። ሲሻለው ተወ። ሲያመረቅዝ ጎረቤት የተረፈውን መድኃኒት አዋጣለት፤ ሀሚዳ አምፒሲሊን ሰጠችው፣ ወይዘሮ እንዳለች ደግሞ ሌላ ዓይነት። ሁሉንም ቀመሰ፣ አንዱንም አልጨረሰም። እግሩ እንደ ስልቻ ሲነፋ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቡት።

ዶክተር ትዕግሥት መግሉን ለምርመራ ልካ አልጋው አጠገብ ቆመች።

“ጋሽ ደጉ፣ ቁስልዎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንደ እርስዎ ያለ በረኛ አለው። መድኃኒቱ ገባ ሲል መልሶ ይወረውረዋል። የዚህ ዓይነት፣ የዚያ ዓይነት አይልም።”

“ደሞዙን ማን ይከፍለዋል?”

“እርስዎ ነዎታ! መድኃኒቱን ትንሽ ትንሽ ሲልኩበት ደካማው ባክቴሪያ አለቀ፤ ጉልበተኛው ተርፎ ተራባ።”

ደጉ ወደ እብጠቱ ጠቆመ። “እግሬስ?”

“በረኛው የማይዘውን መድኃኒት ምርመራው ካገኘልን ይተርፋል። ካልሆነ፣ እብጠቱ ከጉልበት ካለፈ፣ እንቆርጣለን። እኔ ካዘዝኩት ውጭ አንዲት ክኒን እንዳይነኩ!”

ነርሷ እብጠቱ የደረሰበትን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረች። በማግስቱ መስመሩ ታልፏል። ጉልበቱ ሥር ሌላ አሰመረች።

ባለሱቁ መሐሙድ ሊጠይቀው መጣ። ግራ ቀኝ አይቶ በወረቀት የተጠቀለሉ ካፕሱሎች አወጣ።

“የድሬዳዋ ኮንትሮባንድ ነው! ሁለቱን ዋጥ፤ ከተሻለህ የቀረውን ታስቀምጠዋለህ።”

“ከልክላኛለች።”

“እንግዲያ ይቆረጥ! የውትድርና አፈሳው እንደሆነ የሚፈልገው ባለሁለት እግሩን ነው።”

ደጉ አልሳቀም። እግሩ እንደ ፍም ይፋጃል። እጁ ሳያዘው ተዘረጋ፤ ካፕሱሉ ከንፈሩ ደረሰ። ያኔ ዓይኑ ቀዩ መስመር ላይ አረፈ። እብጠቱ ነክቶታል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ በአንድ የመጡለት ሰካራሞች ትዝ አሉት፤ ክንዱን ያፈረጠሙለት እነሱ ነበሩ።

ካፕሱሉን ወረወረና የመሐሙድን ኮሌታ ጨመደደ።

“ውጣ!”

“ምነው ወንድሜ፣ መሐሙድ ነኝ እኮ!”

“ስም አልጠየቅኩህም!”

ከአልጋው ሳይወርድ እስከ ኮሪደሩ አሽቀነጠረው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ እየተጣደፈች መጣች። ከተሞከሩት ሁሉ ከበረኛው እጅ ያመለጠው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እሱም በመርፌ የሚሰጥ። ጀመሩለት። እብጠቱ መስመሩ ላይ ቆመ፤ አመነታ፤ ከዚያ ወደ ታች ማፈግፈግ ያዘ። ደጉ እንደ በፊቱ “ተሻለኝ” ብሎ አልተነሣም፤ የመጨረሻዋን መርፌ ተወግቶ፣ እያነከሰ በሁለት እግሩ ወጣ።

ወደ በሩም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የተረፈ ክኒን ይዞ በሽተኛ ሊጠይቅ በዚያ የሚያልፍ ጎረቤት፣ ጠጅ ሳይቀምስ ማጅራቱን ይያዝ ነበር።