ሦስተኛው ቀረጻ

ነቀምቴ ውስጥ ስለ ገለታ ክፉ የሚያወራ ሰው ፍለጋ እግራችሁ እስኪነቃ ብትዞሩ አታገኙም ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ መጀመሪያ ራዲዮ ይጠግን ነበር፤ ዘመን ሲለወጥ ወደ ሞባይል ዞረ። ሌሎቹ ጠጋኞች የሴት ስልክ ሲገባላቸው ፎቶዋን ከፍተው ሲሳሳቁ እሱ "የሰው ገመና አይታይም!" ብሎ ይቆጣ ነበር። እውነትም በሃያ ዓመት ውስጥ የአንድ ደንበኛ ፎቶ ከፍቶ አላየም። በዚህ እጅግ ይኮራ ነበር። ጉዱን ያመጣውም ይኸው ኩራት ነው።

መዝሙር መጫንም ሥራው ነበር። ሾፌሩም ነጋዴውም ፍላሹን ይዞ "አዲስ ነገር አለ?" ይለዋል። አዲሱ ከየት ይመጣል? ለጥገና ከገቡት ስልኮች ነዋ! የድምጽ ፋይሉን ሳይከፍት፣ ሳይሰማ፣ እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል። ባለቤቱን መጠየቅ ትዝ ብሎት አያውቅም። "መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፤ ማንን ላስፈቅድ?" ይል ነበር። የከተማው ጠጋኝ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኬኔ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልኳን ሰጥታው ሄደች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ድምጿ የታወቀ ነው። አዲስ መዝሙር ስታጠና ራሷን በስልኳ ትቀርጻለች፣ ታዳምጣለች፣ ካልጣማት ደግማ ትቀርጻለች። የሲሬ መስመር ሚኒባስ ሾፌር የሆነው ሮብሳን አጭቷታል።

ሰኞ ሮብሳን ፍላሹን ይዞ መጣ። "ኦቦ ገለታ፣ የእነኬኔን አዲሱን ይጫኑልኝ።"

"ሙሽራው! ዕድሜ ልክህን ልትሰማት አይደል? ምን አስቸኮለህ?" ብሎ ቀለደበትና ከስልኳ የገለበጠውን ሁሉ ጫነለት።

በማግስቱ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ወደ ሲሬ ሲጓዝ ሁለት መዝሙር ተሰማ። ቀጥሎ የመጣው ግን መዝሙር አልነበረም። "ሮብሳን" አለ የኬኔ ድምጽ፣ "ከመጋባታችን በፊት ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። ስወለድ ከእናቴ ነው የያዘኝ..." ከዚያ ለቅሶ። ሮብሳን ፍላሹን ነቅሎ ሲያወጣው ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ሲሬ ሲወርድ ነቀምቴም ደርሶ ነበር።

ሮብሳን ሲመለስ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ወጣ። ገለታ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠ። ጥቂት ሰምቶ ዘጋው። ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ከሮብሳን ሌላ የጫነላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞረ ለመናቸው። አንዳንዱ ፍላሹን ሰጠው፣ አንዳንዱ ለጓደኛው አሳልፎት ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሐሙስ ኬኔ ስልኳን ልትወስድ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ገለታ" ብላ ሰላም አለችው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ..." አለና ስልኳን ከመሳቢያ አወጣ።

"ሰምተውት ነበር?"

"በልጆቼ እምላለሁ፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም! እኔ የሰው ነገር ከፍቼ..."

"ቢሰሙት ኖሮ ለሰው አይሰጡትም ነበር" አለችው።

ገለታ አቀረቀረ። ሃያ ዓመት የኮራበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳፈረው፤ ስልኳን አቀበላት።

"ዛሬ ነበር የምነግረው" አለች ኬኔ። "እንደ መዝሙሩ እየተለማመድኩ ነው የቀረጽኩት። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ነው። በዚያኛው ቀረጻ ላይ አልቅሻለሁ፣ ቃሉም ተዘባርቆብኛል። መድኃኒቴን በሰዓቱ እንደምወስድ፣ ወደ እሱ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ እንደነገረኝ እንኳ እዚያኛው ላይ አልተናገርኩም። ሦስተኛው ላይ ግን አላለቀስኩም። ሁሉንም ደህና አድርጌ ነግሬው ነበር።"

ገለታ እንባው መጣ። ሮብሳን በዚያ ሰዓት መናኸሪያ ተራ ይዞ ይቆማል፤ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው።

"ሦስተኛውን እኔ ልውሰድለት?" አላት። "ትፈቅጂልኛለሽ?"

ኬኔ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አሁን ነው የሚጠይቁኝ፣ ኦቦ?"