ዳቡስ ባሕር የሆነ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አሶሳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ጀማል የሚባል የባጃጅ ሹፌር ስልኩን እስክጠግንለት ቁጭ ብሎ በእኔ ስልክ ቪዲዮ ያያል። መርከብ ላይ ያሉ ሳይንቲስቶች የውቅያኖስን ወለል ካርታ ሲሠሩ የሚያሳይ ነው። ድምፅ ወደ ታች ይልካሉ፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥረው ጥልቀቱን ያወጣሉ። ሰው ያላየው ተራራና ገደል ስክሪኑ ላይ በቀለም በቀለም ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ጠርሙስ የምታህል መሣሪያ በገመድ አስረው ወደ ውሃው ይሰዳሉ።

"ጋሽ ይመር፣ ይቺን ደግሞ ለምንድን ነው የሚከቷት?" አለኝ።

"ጨውና ሙቀቱን ለማወቅ ነዋ! ድምፅ ጨው ውሃ ውስጥ ይፈጥናል። ያንን ሳታውቅ ከለካህ ልክህ ይዛባል።"

"እርስዎ ደግሞ ባሕር የት ያውቃሉ?"

ባሕርማ አይቼ አላውቅም። የዳቡስን ወንዝ ግን አንድ ቀን ሙሉ ባሕር አድርጌው አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ የሰፈረ ገበሬ ነበር። እኔ ከእርሻው ሸሽቼ ሬዲዮ ጥገና ገባሁ። ያስተማረኝ የለም። የመጀመሪያውን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ሠራ። ፋብሪካው ብሎን እንደሚያባክን ያወቅኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ እያልኩ ከተማውን አዳረስኩት።

ሚያዝያ ላይ ነው፤ ማንጎ ከዛፍ ስር ተዝረክርኮ ንብ የሚወርበት፣ መንገዱ በቀይ አቧራ የሚታፈንበት ሰሞን። የውሃ ጥናት ሰዎች ጀልባ የጫነች መኪና ይዘው መጡ። አለቃቸው ኢንጂነር አስቴር ትባላለች፤ ውጭ አገር ተምራ ባሕር ላይ የሠራች፣ ሳቋ ቅርብ፣ ቁጣዋም ቅርብ የሆነች ሴት። የመጡት ዳቡስ ዳር ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ሊተክሉ፣ ውሃው የደረሰበትን ጠዋትና ማታ አይቶ የሚመዘግብ አንድ ሰውም ሊቀጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን የወንዙን ጥልቀት በዚያ በድምፅ በሚለካው መሣሪያ ይለካሉ። መሣሪያው ከእሷ ጋር ባሕር ላይ የዋለ ነው። የመኪናው ጉዞ ገመዱን በጥሶት ስለነበር ሰው ወደ እኔ ላካቸው። በግማሽ ሰዓት በየድኩት። "ከእንግዲህ ይሄ ማሽን የሚሰማው እኔን ነው" አልኳት። ስቃ ይዛኝ ሄደች።

ወንዙ ጋ ሼህ ኢድሪስ ይጠብቁናል። የበርታ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በታንኳ ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ። አገሬው ለመዝጋቢነቱ የመረጠው እሳቸውን ነው። ትከሻቸው ላይ በየክንዱ ምልክት የተቆረጠበት ረጅም ቀርከሃ አለ።

ኢንጂነሯ ዳር ቆማ ወረቀቷን ስታዘጋጅ እኔና ሼህ ኢድሪስ ጀልባው ላይ ወጣን። መሣሪያውን ስከፍተው፣ ገመዱ ተበጥሶ ስለቆየ፣ እንደ አዲስ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ውሃው "ሲ" ነው "ፍሬሽ"? "ሲ" ባሕር መሆኑን አውቃለሁ። "ፍሬሽ" ደግሞ የማውቀው ከጁስ ቤት ነው። ዳቡስን አየሁት፤ ቡናማ ነው፣ ቅጠል ይዞ ይሄዳል። ይሄ ምኑ ፍሬሽ ነው?

"ሼህ ኢድሪስ፣ ይሄን ውሃ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?"

"ይሄ? ይሄ ባሐር ነው" አሉኝ ኮራ ብለው። "ትልቅ ባሐር።"

ባሕር ነው ካሉ ባሕር ነው። "ሲ"ን ተጫንኩ።

መሣሪያው ለካ። ሼህ ኢድሪስም በዚያው ቦታ ቀርከሃቸውን ነከሩ። ኢንጂነሯ ሁለቱን ስታስተያይ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አገኘች። ሦስት ቦታ ሞከርን፤ ሦስቱም ላይ መሣሪያው ያስበልጣል።

"አባባ፣ ቀርከሃዎ ያሳሳታል" አለቻቸው።

"ኢንጂነር፣ አንተ ማሽን ይዋሻል" አሉ ሼህ ኢድሪስ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። "ቀርከሃ መሬት ይነካል። ማሽን መሬት ነካ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ምሳ ላይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ እየበላን ኢንጂነሯ ወደ እኔ ዞረች። "ሽማግሌው በግምት ነው የሚሠሩት። ቁጥር ግምት አይወድም። ነገ የመዝጋቢውን የቅጥር ደብዳቤ በአንተ ስም እጽፋለሁ።"

የመንግሥት ሥራ! አባቴ ሬዲዮውን ሥራ ብሎ ቆጥሮት አያውቅም። ገንፎው እንዴት እንዳለቀ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያውን ልወልውል ተቀመጥኩና አብሮት ያለውን የመመሪያ መጽሐፍ ገለጥኩ። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አንድ ገጽ አነበብኩ። "ፍሬሽ ውሃ" ማለት ጨው የሌለው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ድምፅ ስለሚፈጥን፣ ወንዝ ላይ ሆነህ ባሕር ነው ካልከው ጥልቀቱን ያበዛዋል። የሚያበዛው ስንት እንደሆነ አሰላሁ። ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ማንም አላየም። መሣሪያው ቢጠፋ ቢበራ የመረጥኩት እንዳለ ይኖራል፤ እኔም ባለሥራ ሆኜ እቀራለሁ።

በማግስቱ ወንዙ ጋ ስንደርስ ሼህ ኢድሪስ ቀድመውናል። አዲስ ቀርከሃ ቆርጠው፣ በኢንጂነሯ ሜትር ልክ ምልክት እያደረጉበት ነው። ሌሊቱን የራሳቸውን ክንድ ሲጠራጠሩ አድረዋል። ዕድሜ ልኩን ያመነውን ክንዱን የሚጠራጠር ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያጠራጠርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

"ኢንጂነር" አልኩ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ባሕር ነው ብዬ ሞልቼዋለሁ።"

"ምን? ዳቡስን?"

"እሳቸው ባሐር ሲሉኝ..."

ሼህ ኢድሪስ ቀና አሉ። "እኛ ትልቅ ወንዝ ባሐር ይላል! ጨው አለ ብዬ ነገርኩህ? ጠጣ እስቲ!"

ኢንጂነሯ መጀመሪያ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አስተካክለን ድጋሚ ለካን። ማሽኑና ቀርከሃው እኩል መጡ፤ አሮጌው ቀርከሃም ጭምር።

"ደብዳቤው ላይ የማንን ስም ልጻፍ?" አለችኝ፣ እያወቀች።

"የሼህ ኢድሪስን።"

ሼህ ኢድሪስ በቁርዓን ቤት ከተማሩት የዓረብ ቁጥር ሌላ አይጽፉም ነበር። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ባምባሲ እየመጡ መዝገባቸውን ይሰጡኛል፣ እኔ ወደ ቅጹ እገለብጣለሁ። ዓይናቸው እስኪደክም እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉም፤ ዝናብ ቢሆን፣ ጾም ቢሆን። አሁን በሕይወት የሉም።

ለጀማል ይሄን ሁሉ ስነግረው ስልኩ ከተጠገነ ቆይቶ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ስለ ውሃ ብዙ ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ አንዲት ነገር አውቃለሁ፤ መሣሪያ የሚያምነው የነገሩትን ነው። የዳቡስ ቁጥሮች ዛሬም አንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ይኖራሉ። ከውስጣቸው እኔ የለካሁት አንድም የለም። የእጅ ጽሑፉ ግን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የእኔ ነው፤ ውብ ጽሑፍም ነው።