የአከራዬ ድመት ልብ

በደርግ ዘመን ከናዝሬት የወጣሁት ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ ሽንኩርት ሊጭን ወደ ዓለም ጤና በሚሄድ ባዶ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ እየቆመች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። ጤና ረዳቱ ደረቷን አዳምጦ፣ «ልብዎ ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው በመሣሪያ ይታዩ» ካላት ሰንብቷል። እሷ እቴ! «እኔ ደህና ነኝ። ስምሽ ቀበሌ ተጠርቷል፤ ሳይመጡብሽ ሂጂልኝ» ብላ ገፋችኝ። ሾፌሩም «ጃባዱ! በርቺ!» አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

በኬንያ አድርጌ ጀርመን ገባሁ። ወገኖቼ፣ የናዝሬት ፀሐይ የሚሸጥ ቢሆን ካፖርቴን ሽጬ እገዛ ነበር! ከብርዱ ይልቅ ያንገበገበችኝ ግን አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ፣ በነሱ አጠራር ፍራው ሄልጋ ናት። ድመቷን ሙሺን አልጋዋ ላይ ነው የምታስተኛት። አንድ ቀን ሙሺ አፏን ከፍታ ስታለከልክ አየችና በሬን ደበደበች።

«ያ ቀይ ዱቄትሽ ነው! ድመቴን ልትገድዪብኝ ነው!»

«በርበሬ ነው እኮ! እኛ አገር ሕፃናትም ይበሉታል።»

«ሕፃናት ሌላ፣ ድመት ሌላ!»

ወይ ጉድ! ሐኪም ይፍረደን፣ በሽታዋ ከበርበሬሽ ከሆነ ቤቴን ትለቂያለሽ አለችና የድመቷን ቅርጫት አሸክማኝ ሄድን።

የእንስሳ ሐኪሙ ሙሺን በጎኗ አስተኝቶ እኔን አስያዘኝ። ደረቷ ላይ ዝልግልግ ነገር ቀብቶ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ቢያሳርፍባት፣ ልቧ ቴሌቪዥን ላይ መጣ! ሳትቀደድ፣ ሳያማት፣ ሲከፈት ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። አልትራሳውንድ ይሉታል። «የልቧ ግድግዳ ወፍሯል፤ ደም የሚገባበት ጠቧል። የምታለከልከው ለዚህ ነው። ከበርበሬው አይደለም» አለ። መድኃኒትም አዘዘላት። ፍራው ሄልጋ ድመቷን ሳመቻት፤ እኔን ይቅርታ እንኳ አላለችኝም። ቤቱ ተረፈልኝ፤ ግን ማን ስለ ቤት አሰበ? እርር ድብን አልኩ። እናቴን በዚህች መሣሪያ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቢያዩልኝ!

በሳምንቱ ጎረቤታችን ነጋዴው ቤት ደወልኩና እናቴን አስጠራኋት። ከድምጿ በፊት ትንፋሿን ሰማሁ።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ ሄድሽ?»

«ቀበሌው መሸኛ ከለከለኝ፤ ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ከከተማ መውጣት የለም። ሊቀመንበሩ፣ ‹ልጅሽ ከድታ ኮበለለች፤ አንቺም በልብሽ አሳበሽ ልትከተያት ነው?› አለኝ።»

ስልክ እንደሚጠለፍ እያወቅሁ፣ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። የራሱ ልብ ይቁም አልኩ! እናቴ «ተይ፣ ተይ» ስትለኝ የሙሺን ታሪክ ዘረገፍኩላት፤ ልቧን እንዴት እንዳዩላት፣ መድኃኒት እንዴት እንደሰጧት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ልጄ» አለችኝ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ «ድመቷን ስትወስዷት... መሸኛውን ማን ሰጣችሁ?»

እየቀለደች አልነበረም።