ክታብ አይደለም፣ ክትባት ነው!

«ለክታብ ደሜን አልሰጥም! ጠንቋይ ነሽ እንዴ?» አሉኝ ዛሬ ጠዋት አያ መኳንንት የሚባሉ አዛውንት ገበሬ፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሀል።

ፖስትዶክ ተመራማሪ ነኝ እኮ አያ! 😄

ነገሩ እንዲህ ነው። የምመራመረው በቁንጭር ላይ ነው፤ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ በሚሄደው የቆዳ በሽታ። አንዴ ይዞት የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስበትም። ሰውነቱ እንዴት እንዳሸነፈው ከደሙ ካወቅን፣ ክትባት ለመሥራት መንገድ ይከፈታል።

ታዲያ የዳኑ ሰዎች መጥተው ደም እንዲሰጡን የሚጠራልን የቀበሌው ሞንታርቦ ተንኮሻኮሸና «ክትባት» የምትለዋን ቃል «ክታብ» አድርጎ ለገበያተኛው ሁሉ ለቀቃት። (ሁለቱም ከ«ከተበ» ነው የሚወጡት፤ ሞንታርቦው ግእዝ ሳያውቅ አይቀርም።)

ሰው መበተን ጀመረ። የስንት ወር ልፋቴ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው!

ባስረዳ፣ ብምል፣ ማን ሰምቶኝ። በመጨረሻ ሶፍት አውጥቼ ጉንጬ ላይ ያለውን ሜካፕ ጠረግኩት። ከኮሌጅ ጀምሮ ስሸፍናት የኖርኩት የቁንጭር ጠባሳዬ ወጣች።

አያ መኳንንት ቀረብ ብለው አዩኝ። አፍንጫቸው ላይ ያለችውን የራሳቸውን ጠባሳ ነካ አደረጉ።

«ምነው ይኼን ቀድመሽ ብታሳዪን? የኛው ልጅ ነሽ ለካ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንቺ፣ ቅጂ። ክትባቱን ሸጋ አርገሽ ሥሪው፤ የልጅ ልጄ ፊት እንዲህ እንዳይሆን።»

ከዚያማ ሰልፉ! የያዝነው የደም መቅጃ ሁሉ አልቆ ነው ወደ ጎንደር የተመለስነው።

አሁን ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። ያለ ሜካፕ።

እናንተንስ፣ ስትደብቁት የኖራችሁት ነገር አንድ ቀን ከጭንቅ አውጥቷችሁ ያውቃል?