ማስተዋልን ልመልስ ጉና የወጣሁ ጊዜ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ባሕር ዳር

ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያ ደረስኩ። የደብረ ታቦር ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር የቀረችኝ ከሾፌሩ ጀርባ ያለች ጠባብ ቦታ ናት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ለሥራ ነው ወይስ ለዘመድ ጥየቃ ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛዬን ልመልስ ነው አልኩት።

«ኮብልላ ነው?»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። አልኮበለለችም። ማስተዋል አርክቴክቸር ከጀመርንበት ዓመት አንስቶ ስቱዲዮ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እኔ ከአዳማ መጥቼ ማንንም በማላውቅበት ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ሞዴል ስሠራ ጣቴን በምላጭ ብቆርጠው የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ያሰረችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ያለ ሌላችን ሥራ አስረክበን አናውቅም።

የመጨረሻው ዓመታችን ሲጀመር ግን አልመጣችም። የአባቷ ዓይን ከፋሲካ ወዲህ ሲደክም ቆይቶ ክረምት ላይ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይቷል ብለዋቸዋል። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሌላ ልጅም የላቸውም። መስቀል ካለፈ በኋላ «አልመጣም፣ ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰው ስጡት» የሚል መልእክት ላከችልኝና ስልኳ አልሠራ አለ። ምዝገባው በሚመጣው ሳምንት መጀመሪያ ያበቃል። በስልክ ያልተገኘን ሰው በእግር ከመፈለግ ሌላ ዘዴ አላውቅም፤ ተነሣሁ።

ከወረታ ወደ ላይ

ከወረታ ታጥፈን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የፎገራ ሜዳ በሩዝ አረንጓዴ ለብሶ ከኋላችን ቀረ። አለም በርን ካለፍን በኋላ መንገዱ መጠማዘዝ፣ ጆሮዬም መደፈን ጀመረ። አጠገቤ ያሉት እናት የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ሰጡኝ። ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ «ተመስገን» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የደራው።

እኔ በመስኮት ቤቶቹን እቆጥራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል። የባሕር ዛፍ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የድንጋይ ክብ ቤት ከሣር ክዳን ጋር። ሾፌሩ ምን እንደምማር ሲሰማ «ኢንጂነር ነኝ በይኛ» አለ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ። ማስረዳቱን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ደብረ ታቦር ላይ ወርጄ ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ። ፀሐይ አለ፣ ግን አይሞቅም። ስኳርና ዳቦ ገዝቼ ወደ ጋሳይ የሚሄድ መኪና ያዝኩ።

ጋሳይ፣ ከሰዓት

ጋሳይ የጉና ተራራ ግርጌ ናት። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ በግ የሚነዱ፣ ባዶ ጆንያ የተሸከሙ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰዎች። የማስተዋልን አባት የየኔታ ጥበቡን ቤት ብዬ የጠየቅኋት ሴት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወንድሜ ናቸው። ምናቸው ነሽ?»

የማስተዋል ጓደኛ ነኝ ስላት ፊቷ ተፈታ፤ የያዝኩትን ቦርሳ ነጥቃ ከጆንያዋ ላይ ደረበችው። እትዬ ዘውዴ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከወንድሟ ግቢ አጥር ለአጥር የምትኖር ሴት ናት። ሽቅብ ስንወጣ እኔ በየመታጠፊያው እየቆምኩ ስተነፍስ፣ እሷ ታወራለች። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር የቆሎ ተማሪ ይመጣላቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህም ማስተማሩን አልተዉም፤ ዜማው በቃላቸው ነው። ልጅቷ ግን ሁሉን ብቻዋን ልሥራ ትላለች አለችኝ። ላግዝሽ ስትላት፣ እርስዎ የራስዎ ጣጣ አለብዎት ትላታለች።

ማስተዋልን ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በእግሯ እየረገጠች ነበር፤ ግድግዳ ልትመርግ። ስታየኝ ባለችበት ቆመች። ጭቃው ውስጥ ገብቼ አቀፍኳት።

ከዚያ ቤቱን አሳየችኝ። ከመኝታው ምሰሶ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት ገመድ ዘርግታለች። ከፍ ያለውን የበሩን ደፍ አንስታ አስተካክላዋለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ሸካራ ድንጋይ፣ ቀጥ ባለው ላይ ልሙጥ ድንጋይ አንጥፋለች፤ አባቷ በእግራቸው እንዲያውቁት። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበር። ስለ ምዝገባው ስነግራት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ገመድ ዘርግቼላቸው ልሂድ? ሌሊት ውኃ ቢጠማቸውስ?»



ቅዳሜ ማታ፣ እራት ላይ

የኔታ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። ዳቦውን ባርከው ቆረሱና፣ አዳማ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ፣ እናትና አባቴ ደኅና እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

«ትምህርቱስ መች ነው የሚከፈት?» አሉ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ለካ ማስተዋል ገና አልተከፈተም ብላቸው ኖሯል። አየኋት፤ እሷ ጥፍሮቿ ውስጥ የቀረውን ጭቃ ታያለች። እውነቱን ብናገር እሷን ማሳጣት ነው። ብዋሽ ደግሞ የማያዩ ሰው ፊት ላይ መዋሸት ነው። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ተከፍቷል፣ አባ። እኔ ነኝ ያልሄድኩት። አንቱን ጥዬ አልሄድም።»

የኔታ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከምሰሶው ላይ ገመዱን ፈለጉና ያዙት።

«ቤቱን ለኔ አመቻችተሽ፣ ራስሽን አሰርሽበት» አሉ ቀስ ብለው።

ቢቆጡ ሳይሻላት አይቀርም ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ሳለ አንድ ቀን ሄደው የምትማረውን እንዳላዩ፣ ሰው ሲጠይቃቸው ቤት መሥራት ነው እያሉ እንደኖሩ፣ አሁን ማየቱ እንደቀረ ነገሩኝ። ቅሬታ ያለው አነጋገር አልነበረም። ማስተዋል ግን ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማስተዋል ከትናንቱ ጭቃ በሰፌድ አምጥታ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘውዴ በሰንበት ጭቃ ይነካል ወይ ብትል፣ የኔታ ሣቅ ብለው ይህ ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው አሉ።

ምን ልትሠራ እንደሆነ ገብቶኛል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ለመመረቂያ ያቀረበችው ሐሳብ ነው፤ የቆሎ ተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ። የአባቷ ተማሪዎች የሚያድሩባቸው ደሳሳ ጎጆዎች የጉናን ውርጭ አይመልሱም። ለእሳቸው ግን ነግራቸው አታውቅም፤ ስጨርስ ብላ ነበር። እኔ ጭቃውን እያለሰለስኩ አቀበልኳት፤ ልክ ስቱዲዮ ውስጥ እንደምናደርገው። ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ግማሽ ክብ ሠርተው ተደረደሩ።

ከዚያ የአባቷን ሁለት እጆች ይዛ አሳረፈችባቸው።

የኔታ መጀመሪያ ፈሩ፤ እንዳላፈርሰው አሉ። ቢፈርስም እንሠራዋለን አለቻቸው። ጣቶቻቸው ከአንዱ ክዳን ወደ አንዱ፣ ከግድግዳ ወደ በር ቀስ እያሉ ሄዱ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የተማሪ ማደሪያ ናት።»

«ይቺስ፣ ከመካከል ያለችው?»

«ያንቱ ወንበር ናት፣ አባ። ጉባኤ ቤቱ።»

እጃቸው እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ ከወንበሩ እስከ ዳርቻዋ ጎጆ ድረስ ርቀቱን በስንዝር ለኩ።

«ድምፄ እዚህች ድረስ ይሰማል?»

«ይሰማል። ልጅ ሆኜ ምንጭ ስወርድ ያንቱ ዜማ እስከ የት እንደሚከተለኝ አውቅ ነበር። ጎጆዎቹን ያስቀመጥኳቸው በዚያ ልክ ነው።»

የኔታ ዳርቻዋን ጎጆ እንደ ሕፃን ራስ ዳበሷት።

«እንግዲያ ይህን የጀመርሽውን ማን ይጨርስልሻል?» አሉ በመጨረሻ።

ሂጂ አላሏትም። ማስተዋልም እሺ አላለችም። የተናገረችው እትዬ ዘውዴ ናት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አልጋዋን ወደዚህ ቤት እንደምታመጣ፣ ተማሪዎቹም ቢሆኑ የኔታን ማገልገል ወጋቸው እንደሆነ፣ እሷም ብቻዋን ባዶ ቤት ውስጥ መቀመጡ እንዳንገፈገፋት ተናገረች።

«የሚጠራኝ አጥቼ እንጂ፣ ልቤ እዚህ ከገባ ቆይቷል» አለች።

ማስተዋል አክስቷን ትክ ብላ አየቻት። ሸክም እንዳትሆንባት ብላ የሸሸቻት ሴት እሷም ለብቻዋ ስትቆዝም እንደከረመች ያኔ የገባት ይመስለኛል።

ሰኞ፣ ወደ ታች

ጠዋት ማስተዋል የአባቷን ጉልበት ሳመች። የኔታ ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው በግእዝ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ እኔንም ጠርተው መረቁኝ። ስንወጣ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው ስለነበር ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ዘውዴ ጋሳይ ድረስ ሸኘችን። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመን መኪና ስንጠብቅ ማስተዋል እስከዚያ ድረስ የያዘችውን ዕንባ ለቀቀችው። ላባብላት ብል አክስቷ እጄን ያዘችኝ።

«ተያት፣ ታልቅስ። መኪናው እስኪመጣ ነው» አለች።

መኪናው መጣ። ማስተዋል ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ገባች።

አለም በርን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን ጋቢዋን አወለቀች፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ባሕር ዳር የገባነው የምዝገባው ቢሮ ሳይዘጋ ነው። ስሟን አስመዝግበን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ልረፍ አልኳት። እሷ ግን ሦስት ደረጃ ወርዳ ዞር አለችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ተነሺ እንጂ» አለች፤ «ሥራ አለብን።»